አዳማ ላይ ውሃው በ94 ፈላ፣ ልጄ ደብተሯ ላይ 100 ብላ ጻፈች። ምን ልበላት?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከአዳማ ነው የምጽፈው፣ ፍራንኮ አካባቢ። ጥያቄዬ ስለ ልጄ የሳይንስ ደብተር ነው። 7ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት ላብራቶሪ ገብተው ውሃ እያፈሉ በየደቂቃው ሙቀቱን እንዲመዘግቡ ታዘው ነበር። ማታ ደብተሯን ሳገላብጥ የመጨረሻው መስመር ላይ ወረቀቱ በላጲስ ተፍቆ ተፍቆ ሳስቷል፣ ሊቀደድ ትንሽ ነው የቀረው፣ ከላዩ 100 ተብሎ ተጽፏል። ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጌ ሳየው ከስር 94 የሚል ቁጥር ይነበባል። ምንድነው ይሄ ስላት፣ ውሃው እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 94 ላይ ቆሞ አልወጣም አለ፣ አምስት ደቂቃ ጠበቅን፣ መጽሐፉ ግን 100 ስለሚል ሁላችንም አስተካከልነው አለችኝ። ያየውን 94 እንዳለ የተወ አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ እሱም ማርክ ተቀንሶበታል።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ካዝና ውስጥ ያለው ብርና መዝገቡ አልገናኝ ሲሉኝ መዝገቡን ፍቄ አላስተካክልም፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ነው የምፈልገው፣ ሌሊቱን ሙሉም ቢፈጅ። ስለዚህ ያ የተፋቀ ወረቀት እንቅልፍ ነሳኝ። 94 ስህተት ነው ወይ? ካልሆነስ ልጄ ምን ማድረግ ነበረባት?

(ይሄን ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት አለፈ፣ ክሩ በጣም ረዘመ፣ አዲስ የሚገቡ ሰዎችም ከላይ ጀምሮ ማንበብ ከበደን ስላሉ እኔው በየቁጥሩ የተባለውን ከዚህ በታች ላስቀምጥላችሁ። የራሴንም ሐሳብ ጣል እያደረግሁ ነው።)

መልስ 1። ቁጥብ ሰው ነው። 100 የባሕር ጠለል ቁጥር እንደሆነ፣ አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ከላያችን የሚጫነው አየር እንደሚያንስ፣ ግፊቱ ሲያንስ ደግሞ ውሃ ባነሰ ሙቀት እንደሚፈላ አስረዳኝ። በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 1,700ን ለ300 ሳካፍለው 5 ከምናምን መጣ፣ ከ100 ሲቀነስ 94 ላይ ያርፋል። ጥያቄዬ የተመለሰ መሰለኝና አመስግኜ ልወጣ ነበር።

መልስ 2። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተለወጠው። ይቺ እህት ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ ደስ አይበላችሁ አለች። የትምህርት ቤት ቴርሞሜትር ስንቴ ወድቆ ስንቴ እንደተነሳ ማን ያውቃል፣ ውስጡ ያለው ቀይ ፈሳሽ መሃል ላይ ተቆርጦ ከሆነ የተሳሳተ ነው የሚያሳየው። መሣሪያው ሳይፈተሽ 94ን ማመንም 100ን ማመንም ያው ነው፣ ሁለቱም ሰምቶ መቀበል ነው ብላ ጻፈች። መፈተሻውንም ነገረችን፦ በረዶ አድቅቆ ትንሽ ውሃ ጨምሮ መሃሉ መክተት፣ እየቀለጠ ያለ በረዶ አዳማም ይሁን ሌላ ቦታ 0 ነው፣ ከፍታው ከቁጥር የሚገባ ለውጥ አያመጣበትም። መጀመሪያ ሳነበው ነገር ያወሳሰበች መስሎኝ ነበር፣ አሁን ግን ከክሩ ሁሉ ትልቁ መልስ እሱ ነው እላለሁ።

መልስ 3። የአዳማ ውሃ ጨው አለበት፣ 94 ያደረገው ጨው ነው የሚል ነው።

መልስ 4። 3ን አረመው፣ በትህትና ነው ያረመው። ጨው የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ አያደርግም፣ ያውም አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ሊትር ውሃ ውስጥ ገብቶ ግማሽ ዲግሪ እንኳን አይጨምርም፣ 1 ዲግሪ ለመጨመር ወደ 60 ግራም ይፈልጋል። 3 ተመልሶ መጥቶ ለካ ተገላቢጦሽ ነው ያሰብኩት ብሎ አመነ። እንዲህ ያለ ነገር በኢንተርኔት ብዙ ጊዜ አላጋጠመኝም።

መልስ 5። አንዲት እናት ናቸው፣ አዳማ ተወልደው ደብረ ብርሃን የተዳሩ። እዚህ የለመዱትን የባቄላ ንፍሮ እዚያ በዚያው ሰዓት ሲያወጡት ጥሬ እየሆነባቸው ከአማታቸው ጋር ለዓመታት ሲነታረኩ እንደኖሩ ጻፉ። እሳቸው ባቄላውን ያማሉ፣ አማትየው ደግሞ ሙሽራዋን። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ንፍሮው ያን ያህል ጊዜ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ፕሬሸር ኩከር የገዙ ቀን ጸቡ አለቀ፣ ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ውሃው ከ100 በላይ ይሞቃል። አማታቸው አሁን በሕይወት የሉም፣ ይቺን ባውቅላቸው ኖሮ ብለው ነው የጨረሱት፣ እኔም ልቤ ተነካ።

መልስ 6። መምህር ናቸው፣ የልጄ መምህር አይደሉም፣ ሌላ ከተማ ነው የሚያስተምሩት። ክፍል ውስጥ 60 ልጅ ቁጭ ብሎ አንድ ቴርሞሜትር ይዞ ማስተማር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ፈተናው ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል ከተባለ መልሱ 100 ነው፣ 94 ብሎ የመለሰ ልጅ ይወድቃል፣ ታዲያ መምህሩ ለማን ይታዘዝ። አባባላቸው እውነት አለበት። ከመጽሐፉ ላይ የባሕር ጠለል የሚለው ቃል ተዘልሎ ነው እንጂ 100ው ውሸት አይደለም።

መልስ 7። 6ን ክፉኛ ተናገረ። እንደ እናንተ ያለው ነው ልጆቻችንን ያደነዘዘው እስከ ማለት ደረሰ።

መልስ 8። ይሄኛው ደግሞ ወደ እኔ ዞረ፣ ወላጅ በልጁ ፊት መምህር ካዋረደ ነገ ልጁ ወላጁንም አያከብርም፣ ቤትህ ጨርሰህ ወደዚህ አመጣኸው አለኝ። መልስ ሰጥቼዋለሁ፦ መምህሩን በስሙ አላነሳሁም፣ ትምህርት ቤቱንም አልጠራሁም፣ ልጄም ፊት ክፉ ቃል አልወጣኝም፣ የጠየቅኩት ስለ ቁጥሩ ነው። 7 እና 8 ከዚያ በኋላ እርስ በርስ ተያያዙ፣ መልስ 9 ላይ የመድረኩ ኃላፊ ገብቶ ሁለቱንም አስቆመ።

መልስ 10 እስከ 14። ወሬው ወደ ፍሎራይድ ሄደ፣ ውሃ ውስጥ የሚገኝ፣ ሲበዛ ጥርስ የሚያበላሽ ንጥረ ነገር ነው። ወንጂ ያደገ አንድ ልጅ ጥርሱ ቡናማ እንደሆነ፣ እናቱ ውሃውን እያፈላች ታጠጣው እንደነበር ጻፈ፣ ማፍላቱ ምን ጠቀመ ብሎ ጠየቀ። 12ኛዋ ነርስ ናት፣ መልሷ ያሳዝናል ግን ማወቁ ይበጃል፦ ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ፍሎራይድ ግን አይተንም፣ ውሃው እየተነነ በሄደ ቁጥር የቀረው ውስጥ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። በስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ የበዛው ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ነው። 13 ጀበና ውስጥ የሚጋገረው ነጩ ነገር ፍሎራይድ ነው ሲል 14 አይ፣ እሱ በአብዛኛው ኖራ መሳይ ካልሲየም ነው ብሎ አረመው። ከርዕሱ ወጣን የሚል ሰው ነበር፣ እኔ ግን አልወጣንም ባይ ነኝ። እናትየው የፈላ ሁሉ ንጹሕ ነው ብላ ነው ያመነችው፣ በምን ይታወቃል ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

መልስ 15። ይሄ የእኔ ነው። በ2ኛዋ እህት ምክር ቴርሞሜትር ገዛሁ፣ ባለ ቀይ ፈሳሽ፣ እስከ 110 የሚያነብ። ከሰፈራችን ጁስ ቤት በረዶ ለመንን፣ ልጄ በፎጣ ጠቅልላ በሙቀጫ ዘነዘና አደቀቀችው፣ ብርጭቆ ሞልታ ውሃ ጠብ አድርጋ ቴርሞሜትሩን ከተተችው። ቀዩ መስመር መጀመሪያ ቶሎ ወረደ፣ ከዚያ ቀስ አለ፣ 2 ላይ፣ 1 ላይ፣ 0 ላይ ሲደርስ ቆመ። ዓይኗን ከመስመሩ ትክክል አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ ነበር የምታየው። ከላይ ሆኖ ሲታይ አንድ ቁጥር፣ ከታች ሲታይ ሌላ ቁጥር እንደሚያሳይም ያኔ ነው ያወቅነው።

ከዚያ ውሃ ጣድን። የመጀመሪያው ቀን 96 መጣ፣ ደነገጥን፣ ለካ ጫፉ የድስቱን ቂጥ ነክቶ ነው። ከፍ አድርጋ ስትይዘው 94። በማግስቱ በከሰል 94፣ በሦስተኛው ቀን በኤሌክትሪክ ምድጃ 94 ላይ ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ፣ መብራት እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ነበር። 96ን እንዳትፍቂው አልኳት። ጻፈችው፣ አጠገቡ ጫፉ ድስቱን ነክቶ ነበር ብላ ምክንያቱን ጨመረች።

መልስ 16። ሆቴል ወጥ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፣ እሳቱ ሲበረታ ውሃው ይበልጥ አይሞቅም ወይ ብላ ጠየቀች። ሞከርነው፣ ከሰሉን አራግበን እስኪገነፍል ድረስ፣ ከዚያ አመድ አልብሰን ፈላ ፈላ እስኪል ብቻ። በሁለቱም 94። የበረታው እሳት ውሃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ አያሞቀውም። ልጅቷ ተመልሳ መጥታ አሁን ባቄላው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን እንደምትቀንስና ከሰል እንደተረፋት ነገረችን።

መልስ 17። ጥብቅ ሰው ነው፣ ትንሽም ቁጡ። እስካሁን ያሳያችሁት አዳማ ላይ 94 እንደሆነ ብቻ ነው፣ ምክንያቱ ከፍታ እንደሆነ ግን አላሳያችሁም አለ። ውሃው ይሁን፣ ድስቱ ይሁን፣ ከፍታው ይሁን በምን ለያችሁት። ከፍታውን ብቻ ቀይራችሁ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ያዙት፣ አለበለዚያ መልስ 1ን ደግማችሁ እየጻፋችሁ ነው። ቃሉ ይቆረቁራል ግን ልክ ነው።

መልስ 18። የታሪክ ሰው ይመስለኛል። የ17ን ሐሳብ ያጠናከረው በ1648 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በተደረገ ነገር ነው። ፓስካል የሚባለው ፈረንሳዊ ሳይንቲስት አየር ክብደት ካለው ተራራ ላይ ሲወጣ ይቀንሳል ብሎ አሰበ፣ እሱ ግን ፓሪስ ነበር። የእህቱን ባል ፔርዬን ለመነውና ሰውዬው ሜርኩሪ ያለበትን የመስታወት ቱቦ ይዞ ፑይ ደ ዶም የሚባለውን ተራራ ወጣ። ላይ ሲደርስ ሜርኩሪው ወርዶ አገኘው፣ የሚጫነው አየር ሲያንስ ሜርኩሪው ዝቅ ይላል። ጸሐፊው ደጋግሞ ያነሳው ግን ታች የቀረውን ቱቦ ነው። ፔርዬ ሌላ ተመሳሳይ ቱቦ ገዳም ውስጥ ትቶ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቀው አድርጎ ነበር፣ የዚያኛው ሜርኩሪ ንቅንቅ አላለም። ያ ባይኖር ኖሮ የዚያን ቀን የአየሩ ጠባይ ስለተለወጠ ነው የሚል ተነስቶ ሥራውን ከንቱ ያደርገው ነበር። ይቺን ለልጄ አነበብኩላት፣ መነኩሴው ሳይሰለች ዋለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ 19። ከአዲስ አበባ። ውሃ አፍልታ 93 አገኘች፣ ከፍታው 2,350 ገደማ ስለሆነ 92 ነበር የጠበቀችው። በረዶ ውስጥ ስትከተው 1 አሳያት። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ 1 ዲግሪ ይጨምራል ማለት ነው፣ ሲቀነስ 92። 17 ወዲያው መጥቶ ከታች 1 ከጨመረ ከላይም 1 ይጨምራል ማለት ሁልጊዜ እውነት አይደለም፣ በሌላ ቴርሞሜትር ድገሚው አላት። ተበሳጨች መሰለኝ አልመለሰችም።

መልስ 20። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ አዳማ ነው ቤቱ፣ የጅቡቲ መስመር ይሠራል። ቴርሞሜትሩን ስጡኝ፣ እስከ ባሕሩ ድረስ ይዤው ልውረድ አለ። ይሄን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ፔርዬ ተራራ ወጣ፣ የእኛ ሰው ደግሞ ቁልቁለቱን ይወርዳል።

መልስ 21፣ 22፣ 23። ሁሉም እንዴት ይደረግ የሚል ነው። 21 በየከተማው ውሃ ከቧንቧ እንዳይቀዳ፣ ሁለት ነገር አንዴ ይቀየራል፣ የአዳማን ውሃ በሃይላንድ ይዞ ይሂድ አለ። 22 ያው ብረት ድስት፣ ያው ቡታጋዝ፣ ያው ቴርሞሜትር። 23ኛዋ ያቺው የበረዶዋ እህት ናት፣ ሹፌሩ የሚጠበቀውን ቁጥር ስለሚያውቅ ዓይኑ ወደዚያ ሊያደላ ይችላል፣ ምንም ያልተነገረው ሰው ያንብብ አለች። ሹፌሩ ረዳቴ ያነባል፣ አልነግረውም አለ።

መልስ 24። የእኔ። ከመሄዱ በፊት ልጄ የምትጠብቀውን በእስክሪብቶ ጻፈች፦ መተሐራ 950 ሜትር ገደማ ስለሆነ 97፣ ሚሌ 500 ገደማ ስለሆነ 98 ከትንሽ፣ ጅቡቲ ወደብ 100። ፎቶ አንስተን እዚሁ ለጠፍነው፣ በኋላ እንደዚህ ነበር ያልነው እንዳንል።

መልስ 25። ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን፣ ስልክህ ላይ ብትጠይቀው በአንድ ሰከንድ ይነግርሃል፣ ደግሞ ያለ ላብራቶሪ ሳይንስ የለም የሚል ነው። ብዙ ሰው ወረደበት፣ አንዳንዱ ስድብ ስለሆነ አልደግመውም።

መልስ 26። ያለ ስድብ የመለሰለት ይሄ ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን አነሳ። በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አድዋ ወንዝ ዳር ቆመው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፣ ከላይ በኩል ግን በሕይወት አሉ። እንዶዱ ይሆን ብለው ጠረጠሩ፣ መጠርጠር ላይ ግን አልቆሙም፣ ሕይወት ያላቸውን ቀንድ አውጣዎች የእንዶድ አረፋ ውስጥ አስገብተው አዩ፣ ሞቱ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። ላብራቶሪው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። 25 አልተመለሰም።

መልስ 27። ስምንት ቀን ዝም ካለ በኋላ ሹፌሩ ተመለሰ። ረዳቱ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ የጻፈውን ፎቶ አንስቶ ላከ። መተሐራ 97። ሚሌ 98፣ አጠገቡ ከፍ ብላ የተሰመረች ትንሽ መስመር አለች፣ ከዚያ ታልፋለች ማለቱ ነው። ጅቡቲ ሁለት ጊዜ አፍልተው ሁለቱንም ጊዜ በ99 እና በ100 መሃል። እኔ በዚያው ሳምንት አዳማ ላይ ሦስት ጊዜ አፍልቼ ሦስቴም 94 አግኝቻለሁ፣ በሌላ ቴርሞሜትር ቢሆንም ሁለቱንም በረዶ ውስጥ አስተያይቼ ነው። እንደ መነኩሴው ማለት ነው።

መልስ 28 እስከ 31። እንኳን ደስ አላችሁ ብቻ።

መልስ 32። 17ኛው ሰውዬ ነው። ጅቡቲ ለምን 100 አልሞላም ብሎ ጠየቀ። ልጄም ካርቶኑን ስታይ መጀመሪያ የጠየቀችው ይሄንኑ ነበር፣ ደብተሯ ላይም 99.5 ብላ ጽፋ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጋለች። 33 በሙቀት ወራት እዚያ የአየሩ ግፊት ከተለመደው ትንሽ ዝቅ ስለሚል ይሆናል አለ፣ 34 የቴርሞሜትሩ አብዛኛው ክፍል ከውሃው ውጭ ስለሚቀር ዝቅ አድርጎ ሊያነብ ይችላል አለ። ሁለቱም ያስኬዳል፣ ለመለየት ግን የዕለቱን ግፊት መዝግቦ ቴርሞሜትሩንም ጠልቆ የሚገባበት ረጅም ዕቃ ይዞ መድገም ነው።

ሹፌሩ ሐሙስ ጭነት አለው። ጠለቅ ያለ ብረት ጣሳ ፈልጌ ዛሬ ልሰጠው ነው፣ ልጄም ውሃውን በሁለት ሃይላንድ ሞልታ በር ላይ አስቀምጣለች።